ፍቅር ከስጦታ ይቀድማል

ፊደል ለመቁጠር የተቸገረ፣ በዜማ ግን የታደለ ልጅ ያለው ወላጅ ቢኮራ ኃጢአት ነውን? አስቀድመን የኩራቱን ምንጭ መመርመር ይገባናል።

ሌስሊ ሌምኪ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ አገር ያለ ጊዜው ተወለደ፤ ዓይኖቹን ያጣ፣ አእምሮውም የተጎዳ ሕፃን ነበረ። ወይዘሮ ሜይ ሌምኪ የተባሉ ነርስ በስድስት ወሩ ተቀብለው እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ቆሞ ለመሄድ እንኳ ብዙ ዓመታት ፈጀበት። በጉርምስናው ጊዜ ግን አንድ ጊዜ የሰማውን ዜማ በፒያኖ የሚመልስ ሆነ፤ ብዙዎችም አደነቁት። እናቲቱ ግን የወደዱት ምንም ሳይታይበት ነበር።

እንግዲህ በልጃችን መክሊት ደስ ይበለን፤ ሆኖም ዜማው ባይኖር ኖሮ እናፍርበት ነበርን? በየቁምስናችን የማይዘምሩም እንዲህ ያሉ ልጆች አሉና፣ እነርሱም በወላጆቻቸው ፊት ላይ ያንኑ ደስታ ማየት ይገባቸዋል።