የረካ ደንበኛ ዕዳ

ደስ ብሎት የገዛ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የተናደደ ግን ስልኩን ያወጣል። ታዲያ አንድ ትንሽ ነጋዴ «ከወደዳችሁት እባካችሁ ጻፉልኝ» ብሎ ደንበኞቹን ቢለምን ነውር አለው?

ጥያቄውን ያመጣብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ከደሃና፣ ከአምደወርቅ አካባቢ ማር እያስመጣ አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም ይሸጣል። ሰው የሚያውቀው ስም እሱ ስለሆነ «የሰቆጣ ማር» ይለዋል። ዕቅዱ ቀላል ነው። ለገዛው ሁሉ «ማሩን እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ይልካል። «አሪፍ ነው» ላለው ጉግል ላይ አስተያየት የሚጻፍበትን ሊንክ ይሰጠዋል፤ ቅር ላለው ደግሞ ይቅርታ ጠይቆ ብሩን ይመልሳል። «ማንንም አልዋሸሁ፣ ማንንም አልበደልኩ። ምን ችግር አለው?» አለኝ።

መጀመሪያ ልሟገትለት። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛ ጋ ግን ራስን ማሞገስ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲናገርልን እንጠብቃለን። ገበያ ላይ ይሄ ብዙም አይከብድም። ገዢው ማሩን በጣቱ ይቀምሳል፣ ሻጩን ከነአገሩ ያውቀዋል፣ ከተታለለም በሚቀጥለው ገበያ ያገኘዋል። በስልክ የሚገዛ ሰው ግን ስክሪን አይቀምስም። የሚቀምስለት ከእሱ በፊት የገዛው ሰው ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1995 የገዢዎችን አስተያየት ማውጣት ሲጀምር የተማመነው በዚሁ ነበር።

እዚህ ላይ የረካ ሰው ዝምታ ጉዳት አለው። አንዱ «ማሩ ረግቷል፣ ስኳር አለበት» ብሎ ጻፈ እንበል። ንጹሕ ማርም ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፤ መርጋት ብቻውን የስኳር ማስረጃ አይሆንም። ይህን የሚያውቀው ደንበኛ ዝም ካለ፣ በአንድ ሰው ስህተት የንብ አናቢው የዓመት ልፋት ይፈረድበታል። ስለዚህ መለመን ነውር አይመስለኝም። እንዲያውም የረካ ሰው የቃል ዕዳ አለበት።

ችግሩ ያለው ማን ይለመን የሚለው ላይ ነው። አሥር ሰዎች ነገሩን አይተው፣ ሰባቱን ብቻ ዳኛ ፊት አቅርበን ሦስቱን በር ላይ ብናስቀራቸው፣ ሰባቱም እውነት ይናገራሉ። ዳኛው ግን ተታሏል። የአክስቴ ልጅ «አልዋሸሁም» ሲል ልክ ነው፤ እያንዳንዱ አስተያየት እውነት ነው። ውሸቱ ያለው ድምሩ ላይ ነው። ጉግልም ጥሩ አስተያየት ብቻ መርጦ መለመንን ይከለክላል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ፣ «ጥሩ ከጻፍክ ይህን እሰጥሃለሁ» ማለትን ከልክሏል። ብር መመለስ ደግ ነገር ነው፤ የዝምታ ዋጋ ሲሆን ግን ሌላ ስም አለው።

አማርኛ ይህን በአንድ ቃል ይዞታል ብዬ አስባለሁ። ገዢው ሻጩን «ደንበኛዬ» ይላል፣ ሻጩም ገዢውን «ደንበኛዬ» ይላል። ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ዕዳውም የሁለቱም ነው። ሻጩ ቅር ያለውንም እኩል መጠየቅ አለበት፤ ገዢውም የሚያውቀውን መናገር አለበት። «ይጣፍጣል» ብቻ ማለት ምስክርነት አይደለም፤ ስኳርም ይጣፍጣል። መቼ ገዛህ? ቀለሙ ምን ይመስላል? ሲቆይ ምን ሆነ? ቀጥሎ የሚገዛው ሰው የሚፈልገው ይህን ነው።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ኮከቡ የሚሰጠው ለሻጩ ነው፤ ማሩን ያመረተው ሰው ላያየውም ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚጻፍ ምስጋና ወደ ደሃና የሚሄደው በሰው አፍ ብቻ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ ያልኩት ይህንኑ ነው፦ ሊንኩን ለሁሉም ላክ፣ ለማንም ስጦታ አትስጥ፣ ብሩንም ያለ ቅድመ ሁኔታ መልስ። ማር ልትቀበል ስትወጣ ደግሞ የተጻፈውን፣ ወቀሳውንም ጭምር፣ ለንብ አናቢዎቹ አንብብላቸው። «ወቀሳውንም?» አለኝ። አዎ፣ ወቀሳውንም። ቀፎውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የሚስተካከል ነገር ካለም የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው።