ማድያትን ማከም የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነውን?



ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመምከር ሳይሆን እኔው የሠራሁትን ስሕተት በእናንተ ፊት ለመመርመር ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት በባለሙያነት መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው በቀን ስንት ጊዜ «ፊት የሚያጠራ ክሬም አለህ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል።

አንድ ቀን ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ጥቂት ወራት የሆናት እህት መጣች። ጉንጮቿንና ግንባሯን ማድያት ሸፍኖታል። «ዶክተር፣ እባክህ ይህን የሚያነሳልኝ ነገር ስጠኝ። አማቴ እንኳ ‹ልጄ ያገባው ሌላ ሴት ነበር› እያለች ትቀልድብኛለች» አለችኝ። እኔም ሥራዬን ትቼ ሰባኪ ሆንኩ። አላህ (ሱ.ወ.) በሰጠሽ መልክ ተብቃቂ፣ ፍጥረቱን መለወጥ የሸይጧን ጉትጎታ ነው፣ ብዬ ባዶ እጇን ሸኘኋት። የዚያን ዕለት ማታ ዲኔን የጠበቅሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ ስትመጣ አላወቅኋትም። ከእኔ ወጥታ የሄደችው ወደ ገበያ ኖሯል። እዚያ ምን እንደተቀላቀለበት ያልተጻፈበት ክሬም በትንሽ ዕቃ ገዛች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፊቷ ፈካ፤ ሰውም አደነቃት። ከዚያ ግን ቆዳዋ ሳሳ፣ ቀያይ የደም ሥሮች ወጡበት፣ ብጉር ወረሰው። ልታቆመው ስትሞክር እንደ እሳት ለበለባት፤ ማድያቱም ከቀድሞው ጠቁሮ ተመለሰ። ይህ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ፊት ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀባ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሻጩ በአላህ ፊት የሚጠየቅበት ነገር እንዳለ አልጠራጠርም። ይሁንና ወደ ሻጩ የላካት ማን ነው?

ጉዳዩ እንቅልፍ ቢነሳኝ ወደ አንድ አዛውንት ሸኽ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር «አበጀህ» እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት። እርሳቸው ግን ኡሙ ሰለማህ (ረ.ዐ.) ያስተላለፈችውን፣ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበውን ሐዲስ አነሱልኝ። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አራስ ሴቶች ፊታቸው ላይ ለሚወጣው ከለፍ ወርስ የተባለውን ቢጫ የዕፅዋት ዱቄት ይቀቡ እንደነበር የሚናገር ነው። ከለፍ እኛ ማድያት የምንለው ነው። «የነብዩ ባለቤት ሳታፍር የነገረችንን አንተ በምን ደረጃህ ነው ያፈርክበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለካ ነገሩ በኡለማእ ዘንድ አዲስ አይደለም። ዐርፈጀህ የተባለው ሰሐባ አፍንጫውን በጦርነት ባጣ ጊዜ፣ ከብር ያሠራው ስለሸተተበት በወርቅ እንዲተካው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቅደውለታል፤ ወርቅ ለወንድ የተከለከለ መሆኑ እየታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1201 ያረፉት የባግዳዱ ሊቅ ኢብኑል ጀውዚም ስለ ሴቶች ሕግጋት በጻፉት መጽሐፍ፣ ፊትን ልጦ የሚጎዳውን ነገር ካወገዙ በኋላ ከለፍን የሚያጠፋ መድኃኒት ግን ችግር የለበትም ብለዋል። ያቺ እህት የጠየቀችው የሌላ ሰው ፊት አልነበረም። የራሷ እንዲመለስላት ነው የጠየቀችው።

ታዲያ ችግሩ ሁሉ ተፈታ ማለት ነው? አይደለም። ቆዳዋን ከእግር እስከ ራሷ ለማንጣት የምትፈልገውም፣ ማድያት ያስጨነቃትም የሚናገሩት አንድ ቃል ነው፤ «ፊት የሚያጠራ» ይላሉ። ኒያን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኔ አሁን የምጠይቀው «የቱ ጋ ነው?» ብዬ ነው። ጠቆር ያለውን ቦታ ካሳየችኝ የምነጋገረው ስለ ሕመም ነው። እጇን፣ አንገቷንና የጣቶቿን መገጣጠሚያ ካሳየችኝ ግን አልሸጥላትም። ቢሆንም በስድብ አልሸኛትም፤ ቁጭ ብዬ አደጋውን እነግራታለሁ።

አደጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ባዜቃ ያለባቸው ክሬሞች ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት እነዚህን ለማስቀረት ነው አንቀጽ ያስገባው። ሃይድሮኪኖን በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሆነው፣ ማድያቱ ላይ ብቻ፣ በስሱ፣ ለጥቂት ወራት ይቀባል፤ ከዚያም ይቆማል። ነፍሰ ጡር ግን ልትርቀው ይገባል። በደቡብ አፍሪካ ለዓመታት ያለ ልክ የተቀቡት ሴቶች ፊታቸው ሰማያዊ ወደሚመስል ጥቁረት እንደተለወጠ ሐኪሞች የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። ሊያቀሉት የፈለጉት መልክ ባሰበት፤ ጥቁረቱም በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። አዜላይክ አሲድ ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የተሻለ ነው።

የትኛውም ቢሆን ከፀሐይ ካልተጠበቁ ከንቱ ድካም ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መቂና ባቱም ከዚያ አይርቁም። በወንጂ ሸንኮራ ማሳ ወይም በጉሊት ለምትውል እናት የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ ዋጋው ከባድ ነው። ጥላና ሰፊ ባርኔጣ ግን ከብዙ ክሬም ይሻላሉ። የወሊድ መከላከያ እንክብልም ማድያትን ሊያባብስ ስለሚችል ይህንን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ወንድሞቼን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቢላል ሐበሻዊ መሆኑን በየመድረኩ በኩራት እናወራለን። የቀለማችን መለያየት ከአላህ ተአምራት አንዱ መሆኑን ቁርኣን እንደነገረንም እናውቃለን። ለልጃችን ሚስት ስንፈልግ ግን ከዲኗና ከምግባሯ ቀድመን «ቀይ ናት ወይ?» የምንለው ለምንድን ነው? ያቺን እህት ወደ ገበያው የገፋት የእኔ ስብከት ብቻ አልነበረም። የአማቷ ቀልድም፣ የእኛ የወንዶቹ ምርጫም አብሮ ገፍቷታል። እናም ለሴቲቱ ብቻ «ተብቃቂ» ማለት፣ ያላመጣችውን ዕዳ እንድትከፍል ማድረግ ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋት። ቅላቱና ብጉሩ እስኪለቃት ዓመት ገደማ ፈጀ። ማድያቱ ቀለለ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም፤ የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ትንሽ ይታያል። ሰሞኑን ለታናሽ እህቷ የፀሐይ መከላከያ ልትገዛ መጥታ ነበር፤ እህቷም እንደ እርሷ ከወለደች በኋላ ነው የወጣባት። አጋጣሚውን አግኝቼ ስላለፈው ነገር ዐውፍ እንድትለኝ ጠየቅኋት። «ዐውፍ ብያለሁ፤ አንተም ዋጋውን ቀንስልኝ» አለችኝ። ቀነስኩላት።