«እንዲህ ቢል»

ለሰው እምነት ብለን እውነትን ብንሸሽገው ቸርነት ነው ወይስ በደል? ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ይመስላል። መጽሐፍ ቅዱስ ተጠብቆ ደርሶናል ወይስ ተበርዟል በሚለው ክርክር ውስጥ ግን ማንም ሳይጠይቀው በየቀኑ መልስ ይሰጥበታል።

ክርክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ወገን «አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም» ይላል። ሌላው «በአዲስ ኪዳን ቅጂዎች መካከል 400,000 ልዩነት አለ፤ የቱን ነው የምታምነው?» ይላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ልቤ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ያለባቸው ይመስለኛል፤ የሚያውቁትን ያህል አይናገሩም።

ከሁለተኛው ልጀምር። 400,000 ምሁራን ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ግምት ነው። ቁጥሩ የገዘፈው ግን ቅጂው ስለበዛ ነው። የግሪክኛው አዲስ ኪዳን ብቻ ከ5,000 በላይ የእጅ ጽሑፎች አሉት። አንድ ቅጂ ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ልዩነቱ ዜሮ ይሆን ነበር፤ ስህተቱን የምንለይበት መንገድም አብሮ ዜሮ ይሆናል። ከልዩነቶቹ አብዛኞቹ ደግሞ የፊደል አጻጻፍ፣ የቃላት ቅደም ተከተል፣ ወይም ዓይኑ ከመስመር መስመር የዘለለበት ጸሐፊ ያመጣቸው ናቸው። ይህን እያወቀ ቁጥሩን ብቻ ወርውሮ የሚሄድ ሰው አልዋሸም። እውነቱን ነገረን ለማለት ግን ይከብዳል።

ወደ መጀመሪያው ስመጣ ነገሩ ይጠጥርብኛል፤ የራሴ ቤት ነዋ። የማርቆስ ወንጌል በሁለቱ ታላላቅ የ4ኛው መቶ ዘመን ብራናዎች፣ በኮዴክስ ሲናይቲከስና በኮዴክስ ቫቲካነስ፣ 16፥8 ላይ ያበቃል፤ ሴቶቹ ፈርተው ከመቃብሩ ሲሸሹ። ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው እዚያ የለም። በምንዝር የተያዘችው ሴት ታሪክም በቀደሙት የዮሐንስ ወንጌል የግሪክ ቅጂዎች ውስጥ አይገኝም። በጥቂት የእጅ ጽሑፎች ላይ እንዲያውም ሉቃስ 21 መጨረሻ ላይ ገብቶ ይታያል። እነዚህ የፊደል ግድፈቶች አይደሉም፤ ሙሉ ምንባቦች ናቸው።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ እንቅልፍ የጣለው ጸሐፊ አይደለም። የእሱ ስህተት ሌላ ቅጂ ጋር ሲመሳከር ይጋለጣል። የሚያሳስበኝ ለበጎ ብሎ እጁን የሚያስገባው ነው። አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስለዚያች ሴት ታሪክ ሲጽፍ፣ አንዳንዶች ሚስቶቻችን ኃጢአትን እንዳይደፍሩ ብለው ከመጽሐፋቸው ያወጡት ይመስለኛል የሚል ግምት ሰንዝሯል። ግምቱ ትክክል ይሁን አይሁን፣ እንዲህ ማሰቡ ራሱ ይናገራል፤ መጽሐፍን ከመጽሐፍ «ለመጠበቅ» መሞከር በዚያ ዘመንም የሚጠረጠር ፈተና ነበር።

ተቃራኒውም አለ። በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት እንዳሉ፣ አብና ቃል መንፈስ ቅዱስም እንደሆኑ የሚናገረው ሐረግ በግሪክኛ የሚገኘው በጥቂት ዘግይተው በተጻፉ ቅጂዎች ብቻ ነው። ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1516 እና በ1519 ባሳተማቸው የግሪክ አዲስ ኪዳኖች ውስጥ አላስገባውም። ቁጣ ተነሳበት፤ ለአርዮስ በር ከፈትክ ተባለ። በ1522 እትሙ አስገባው። ግን እስቲ እናስብ፦ በ325 በኒቅያና በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ያለዚህ ሐረግ ነው አርዮሳውያንን የተከራከሩት። ሥላሴን ለማመን ያ ሐረግ አላስፈለጋቸውም። ታዲያ እኛ ለምንድነው ያለ እሱ የምንወድቅ የሚመስለን?

በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ሌላ ልማድ አገኛለሁ። በአንድምታ ትርጓሜ ውስጥ አንዱ ቅጂ ከሌላው የተለየ ቃል ሲይዝ ሊቃውንቱ ልዩነቱን አይሸፍኑትም። «እንዲህ ቢል» ይሉና ሌላውን ንባብ ጠቅሰው እሱንም ይፈቱታል። ተማሪው ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ጽሑፉ እዚህ ጋ ሁለት መንገድ እንዳለው ከመምህሩ አፍ ይሰማል። የማርቆስ መጨረሻም እንደዚያው ነው። ከቁጥር 8 በኋላ የሚመጣ ሌላ አጭር መዝጊያም አለ፤ ብዙ የግዕዝ የእጅ ጽሑፎች አጭሩንም ረጅሙንም ይዘው ደርሰውናል። የጻፉት ሰዎች ምን እንዳሰቡ አላውቅም። እጃቸው ላይ የደረሰውን አለመጣላቸው ግን ይታያል።

«ሁሉም ሰው ይህን የመሸከም አቅም የለውም» የሚል ተቃውሞ አለ። እቀበለዋለሁ። ለሕፃን ወተት፣ ለአዋቂ ጠንካራ ምግብ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በዳዊቷ የኖረችን እናት ስለ ኮዴክስ ማስተማር ግዴታዬ አይደለም። ግን ገና አለመናገርና ተቃራኒውን መናገር ይለያያሉ። «አንዲት ፊደል አልተለወጠችም» ማለት ዝምታ አይደለም። አንድ ወጣት ያንን ይዞ አድጎ፣ አንድ ቀን በስልኩ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ላይ የማርቆስን መጨረሻ ሲያይ የሚሰበረው በማርቆስ ላይ ያለው እምነት አይደለም። «ያስተማሩኝ ሰዎች ያውቁ ነበር እንዴ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የለም። አያውቁም ነበር ከተባለ ለምን በእርግጠኝነት ተናገሩ? ያውቁ ነበር ከተባለ ደግሞ ባሰ።

እኔ «ተጠብቋል» የሚለውን ቃል አልተውም። ትርጉሙ ግን ለእኔ ማንም አልተሳሳተም ማለት አይደለም፤ ስህተቱ የሚታይበት፣ የሚመሳከርበትና የሚታረምበት ብዙ ምስክር ተረፈልን ማለት ነው። ሰው በመሳሳት በሚታወቅበት እጁ ቃሉን እንዲያስተላልፍ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ ያን እጅ የምንደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ታናሼ የሆነ ሰው ስለዚያች ሴት ቢጠይቀኝ ታሪኩን አብሬው አነባለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ከዚያ በቀደሙት ቅጂዎች እንደሌለ እነግረዋለሁ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» ካለኝ ሁለቱንም ይዘን እንቀመጣለን። ከሌላ ሰው ከሚሰማው፣ ከእኔ ከሚወደው ሰው ቢሰማው ይሻላል።