ሰሚ የሚባለው ማን ነው?

በአገራችን ልማድ የተበደለ ሰው በዳኛ ፊት ሲቆም «አቤት» ይላል፤ ጕዳዩን የሚያይለትንም አካል «አቤቱታ ሰሚ»፥ «ይግባኝ ሰሚ» ብለን እንጠራዋለን። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አጠራር ልብ ብለህ ተመልከተው፤ የመስማት ግዴታ የተጣለው በዳኛው ላይ እንጂ በባለጕዳዩ ላይ አይደለምና።

እንግዲህ በጢቾ ከተማ በመንግሥት ቤት ተከራይታ የምትኖር አንዲት ዐይነ ስውር ባልቴት አለች እንበል። ቤቱን ልቀቂ የሚል ወረቀት ደረሳት፤ ይግባኟም የሚታየው አሰላ ነው። የአርሲ ደጋ ብርድና ጭቃ ለጤነኛ እንኳ የማይቀል ሲሆን፥ እርሷ ለራሷና ለመሪዋ የመኪና ዋጋ መክፈል አለባት። ስለዚህ «እናቴ፥ ካሉበት ሆነው በስልክ ወይም በምስል መሣሪያ ይናገሩ» ቢሏት መልካም ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በክልል ያሉ ባለጕዳዮችን «ፕላዝማ» በሚባለው መሣሪያ መስማት በመጀመሩ ብዙ ሰው ከመንገድ ድካም ድኗል።

ነገር ግን መንገዱ አጠረ ማለት ዳኛው ቀረበ ማለት ነውን? በመስታወቱ ላይ የሚታየው ሰነድ ካልተነበበላት ባልቴቲቱ ስለ ምን ትመልሳለች? መስማት ለተሳነውም ሰው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌለ፥ ወይም የአስተርጓሚው እጅ በምስሉ ውስጥ በጉልህ ካልታየ፥ ችሎቱ የከንፈር መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ንግግር የሚከብደውም ሰው ቃሉን ሳይጨርስ መስመሩ ቢቋረጥ፥ በመዝገቡ ላይ ግን «ተሰምቷል» ተብሎ ይጻፋል። እግሩ ለማይሄድለት ደጁን ያቀረበ መሣሪያ፥ ለሌላው ደጁን ሊዘጋበት ይችላል።

ይህ ስሕተት በዘመናችን የተጀመረ አይደለም። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሩ ሽባ ነበረ። ንጉሥ ዳዊት ከኢየሩሳሌም በሸሸ ጊዜ እርሱ ሊከተለው አልቻለም፤ አገልጋዩ ሲባ ግን ቀርቦ ከሰሰው። ንጉሡም ያልቀረበውን ሳይጠይቅ ርስቱን ሁሉ ለከሳሹ ሰጠ። በኋላ ሜምፊቦስቴ ቀርቦ ምክንያቱን ቢነግረው፥ ንጉሡ የመለሰለት እኩሌታውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጻድቅ ንጉሥ የሳተው ከክፋት ሳይሆን ከችኮላ ነው፤ የዘገየ መስማትም የጠፋውን ሁሉ እንደማይመልስ ከዚህ እንረዳለን።

ትርፍ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት በሆኑ ጊዜ፥ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ፤ የቤት ክርክር የሚያይ ሸንጎም በዚያው በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ዘንድ ተቋቋመ። የዚያን ሸንጎ ጕድለት ለታሪክ እንተወውና፥ ዳኛው ጎረቤት ስለ ነበረ ማን እንደማያይ፥ ማን እንደማይሰማ ሳይነግሩት ያውቅ ነበር። የሩቅ ዳኛ ግን ይህን ዕውቀት አጥቷል፤ ስለዚህ ጎረቤት ሳይጠይቅ ያውቅ የነበረውን እርሱ ጠይቆ ሊያውቀው ይገባል።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 13 የችሎት ሥነ ሥርዓት እንደየሰው ሁኔታ እንዲመቻች ያዛል።

«ለእያንዳንዱ ይህን ካደረግን ጊዜና ገንዘብ ይባክናል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ አስተርጓሚ ደመወዝ ይሻል፤ ሰነድ አስቀድሞ ማንበብም ሰዓት ይወስዳል። ሆኖም ወጪው በችሎቱ ያልተከፈለ እንደ ሆነ ጠፍቶ አይቀርም፤ ባልቴቲቱ በቤቷ ትከፍለዋለች። ከሁለቱ መክፈል የሚችለው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ስለዚህ የሩቅ ችሎት ሳይከፈት አስቀድሞ፥ ቀጠሮው በሚነገርበት ቀን፥ ዳኛው ባለጕዳዩን አንድ ነገር ይጠይቀው፦ «እንድሰማህ ምን ላድርግልህ?» ይህን ሳይጠይቅ የፈረደ፥ ሰሚ የሚለውን ስም በከንቱ ተሸክሟል።