መርከብ መሥራት አለማመን ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ በከበረ የዐቢይ ጾም ወራት ሆዳችንን ከምግብ፣ አንደበታችንን ከክፉ ነገር እንከለክላለን። ቤታችንንስ ምን እናደርገዋለን? ድንገተኛ ሕመም፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ ወረርሽኝ ወይም በትንኝ ክንፍ በርሮ የሚመጣ በሽታ በራችንን ቢያንኳኳ ምን ይዘን እንጠብቀዋለን? ከዚያም በፊት፣ ቀድሞ መዘጋጀቱ ራሱ ተገቢ ነው ወይስ የእምነት ጉድለት?

እዚህ ቀፊራ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ይህንኑ ጠይቀውኛል። «ዲያቆን፣ ልጄ ሳሙናውን፣ መድኃኒቱን፣ የአፍ መሸፈኛውን እየገዛ ያስቀምጣል። በሽታ ቢመጣስ ይለኛል። እኔ ደግሞ እግዚአብሔር እያለ ይሄ ሁሉ ሥጋት ምንድን ነው እለዋለሁ» አሉኝ። የእኚህ እናት ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። ያለ እርሱ ፈቃድ የሚሆን ነገር እንደሌለ እናምናለን እኮ! ታዲያ ሳሙናና መድኃኒት ማስቀመጥ ምን ይሉታል?

መልሱን ከጾሙ ከራሱ እንፈልገው። ይህ ጾም ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመው የአርባ ቀን ጾም ነው። በዚያ ፈታኙ ወደ ቤተ መቅደስ ጫፍ አውጥቶ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚያነሡት ነገረው። ጥቅስ ሳይቀር ጠቀሰለት። ጌታችን ግን አልተወረወረም። እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት እንጂ (ማቴ. 4)። ልብ እንበል ምእመናን! መላእክት የሚጠብቁ መሆናቸው ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ፣ ደረጃ እያለ መዝለልን እምነት ብሎ መጥራቱ ነው። ከበሽታ የምንጠበቅበት መንገድ እያለን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን ብንተኛ የማን ምክር እንደሰማን እንመርምር።

ኖኅንም እናስታውስ። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሲጽፍ ኖኅ መርከብ ያዘጋጀው በእምነት እንደሆነ፣ ያዘጋጀውም ቤተ ሰዎቹን ለማዳን እንደሆነ ይነግረናል (ዕብ. 11፥7)። እንግዲህ በኖኅ ዘንድ ማመንና መዶሻ ማንሣት ሁለት ነገር አልነበሩም። አምኖ ስለነበር እንጨት ፈለጠ። ካላመነማ ለምን ይደክማል?

ኦሪት ደግሞ ከዚህ ጠንከር ትላለች። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዛለች፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና (ዘዳ. 22፥8)። እዚህ ላይ ጥያቄው ይለወጣል። «እኔ እግዚአብሔርን አምናለሁ ወይ?» ብቻ መሆኑ ይቀርና «በእኔ ቸልተኝነት ማን ይወድቃል?» የሚል ይሆናል። የራሱን ነፍስ ለእግዚአብሔር አደራ የሰጠ ሰው የልጁንና የጎረቤቱን ነፍስ ግን በግዴለሽነት ሊያሳልፍ ሥልጣን የለውም።

ይህ ነገር ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች የመንገደኛ ከተማ ናት። ሰውና ዕቃ በሚገባበት በር በሽታም ይገባል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን በተኙበት መወሰዳቸውን የማያስታውስ የለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ገብቶ ከ11,000 በላይ ሰው ታመመ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ጎበጠ። በ2014 ዓ.ም. በከተማችን የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ያመጣችውም ከእስያ የመጣች፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት የለመደች ትንኝ ናት።

ስለ በርሜል ትንሽ እንነጋገር። ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ ሁላችንም በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በሮቶ እናጠራቅማለን። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታመጣው ትንኝ በቀን ትናከሳለች፤ ዕንቁላሏንም በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በርሜሉን በየሳምንቱ ውስጡን መፈግፈግና ጥብቅ አድርጎ መክደን ያስፈልጋል። ይህች ትንኝ ክርስቲያን ነህ ሙስሊም ነህ ብላ አትጠይቅም። ያልተከደነ በርሜሌ የሙስሊም ጎረቤቴን ልጅ ቢያሳምም፣ ሰገነቱ መከታ የሌለው ሰው ሆንሁ ማለት ነው።

በትንፋሽ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. ሲገባ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጻጉዕ ሰንበት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በዚያ ዓመት ሆሣዕናንም ትንሣኤንም ብዙዎቻችን በየቤታችን አከበርን። ብዙ ሰው አለቀሰ። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መራቁ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ስንል የከፈልነው ዋጋ ነበር።

«ጠበል እያለ መድኃኒት ለምን?» የሚሉም አሉ። መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል (ሲራክ 38)። በ1999 ዓ.ም. ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ አስተምረዋል። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም።

በሌላ በኩል ግን የዝግጅትም ኃጢአት አለው። በ2012 ዓ.ም. በሽታው ተሰማ በተባለ ማግሥት የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ያለው በካርቶን ሲያግዝ የሌለው ባዶ እጁን ተመለሰ። ይህ የኖኅ መርከብ አይደለም፤ ጎተራውን አስፍቶ በዚያችው ሌሊት ነፍሱን የተጠየቀው ባለጠጋ ዝግጅት ነው (ሉቃ. 12)። ልዩነቱ በሳሙናው ብዛት አይደለም። ለማን ብለህ ነው ያስቀመጥኸው? ነው ነገሩ።

መጻጉዕን ተመልከቱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲታመም መድኃኒት የሚሆነው ውኃ ከአጠገቡ ነበር። የጎደለው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነው (ዮሐ. 5)። ዛሬም ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖ ሰው በማጣት ቤቱ የሚሞት አለ። እስቲ ዕድራችንን እናስብ። ለቀብር ድንኳን አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ ወንበር አለን፤ በየወሩም እንከፍላለን። ለሞት እንዲህ የተዘጋጀን ሰዎች ለሕመም ግን ምን አለን? ጎረቤታችን በሌሊት ቢታመም የታክሲ ሒሳብ ከየት እንደሚመጣ የተነጋገርን ስንቶቻችን ነን? ስንሞት የሚሸከመን ሰው አለን፤ ስንታመም የሚያደርሰንም ያስፈልገናል።

ስለዚህ በዚህ ጾም እነዚህን እናድርግ፦

አንደኛ፣ ቤታችን አየር ይግባው። ሁለት መስኮት ካለ ሁለቱንም እንክፈት። የሚያስል ሰው ካለ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ራቅ ብሎ በመስኮት አጠገብ ይተኛ፣ አፉንም ይሸፍን። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሚታከም በሽታ ነው፤ መደበቁ ነው የሚገድለው። ከሰል በተዘጋ ቤት አቀጣጥሎ መተኛትም አይገባም፤ ሽታ የሌለው መርዝ አለውና ሳይታወቅ ይገድላል።

ሁለተኛ፣ በአንዲት ሣጥን ሳሙና፣ የትኩሳት መለኪያ፣ ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ፓራሲታሞልና ጥቂት የአፍ መሸፈኛ ይቀመጥ። ደንጊ ከተጠረጠረ አስፕሪን መውሰድ ደም ሊያስፈስስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱ ስም በወረቀት ተጽፎ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 እና የሁለት ጎረቤት ስልክ በግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ሦስተኛ፣ ስኳር ያለበት፣ መድኃኒት የጀመረ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ ስለ ጾሙ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር። ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፤ ሕመምተኛ ልጇን አታስጨንቅም።

አራተኛ፣ የጾም ትርፍ የድሃ ነው። ከምሳችን የተረፈውን ገንዘብ ሰብስበን ሳሙና ስንገዛ ሁለት እንግዛ፤ አንዱ በአጠገባችን ብቻዋን ለምትኖር አሮጊት ይሁን። በዕድሩና በጽዋ ማኅበሩም ለሕሙማን ማመላለሻ ጥቂት ብር ይመደብ።

ይህን ሁሉ አድርገን እንታመም ይሆን? አዎ፣ ልንታመም እንችላለን። ልንሞትም እንችላለን። መርከቡ ዝናሙን አላስቆመውም። ዝግጅት ከእግዚአብሔር ጋር የተፈራረምነው ውል አይደለም፤ የተሰጠንን አደራ በሥርዓት የመጠበቅ ሥራ ነው። ዕድሜን የሚሰጥ እርሱ ነው። በርሜሉን መክደን፣ መስኮቱን መክፈት፣ የጎረቤትን በር ማንኳኳት ግን የእኛ ድርሻ ነው። ከመጻጉዕ ቀጥሎ ደብረ ዘይት፣ ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ገብር ኄር መምጣቱ ያለ ነገር አይደለም። ሕመምተኛውን ከተመለከትን በኋላ ነቅተን እንድንጠብቅ፣ በጥቂቱም ታምነን እንድንገኝ ነው።

የቤታችንን ደጅ ከመቅሠፍት፣ ልባችንንም ከንፍገት ይጠብቅልን። ጾሙን የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።