የጭነት ልክና የአደራ ክብደት፦ ግዙፍ ሮኬቶች ከራያ ቆላ ሲመዘኑ

የሰው ልጅ የምድርን ስበት አሸንፎ ወደ ሕዋ የሚያደርሰው ጭነት ከዘመን ወደ ዘመን እየከበደ መጥቷል፤ ይሁን እንጂ ምን ያህል መሸከም ይቻላል የሚለው ጥያቄ መልስ ባገኘ ቁጥር፣ ምን መሸከም ይገባል፣ የሚጠቀመውስ ማን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ይበልጥ እየጠነከረ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ የምሕንድስና ሲሆን ሁለተኛው የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ነው። የመሸከም ዐቅም ማደግ በራሱ መልካም ነውን? ወይስ መልካምነቱ የሚለካው በተመረጠው ሸክምና ሸክሙ በሚያገለግለው ሰው ነው? በዋጃና በአካባቢው ባለው የራያ ቆላ የሚኖረው ገበሬ ሮኬት ባይሠራም፣ ዝናቡና አዝመራው ከሰማይ በሚገኝ መረጃ ስለሚጠና ጥያቄው ለእርሱም የራሱ ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ የጉዳዩን ተፈጥሯዊ ሕግ መረዳት ይገባል። ሮኬት የተቃጠለ ጋዝን በታላቅ ፍጥነት ወደ ኋላ በመልቀቅ ራሱን ወደ ፊት የሚገፋ መሣሪያ ነው። አንድን ሳተላይት በዝቅተኛ ምሕዋር፣ ማለትም ለምድር ቀረብ ባለው የመዞሪያ መንገድ፣ ላይ ለማቆየት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት መስጠት ያስፈልጋል። ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ቀመር እንዳሳየው፣ ተጨማሪ ጭነት ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል፤ የተጨመረው ነዳጅም ራሱ ክብደት ስለሆነ እርሱን የሚያነሣ ሌላ ነዳጅ ይፈልጋል። ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ከምድር ሲነሣ 2,900 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር፤ ወደ ዝቅተኛ ምሕዋር ማድረስ የሚችለው ጭነት ግን 140 ቶን ገደማ ብቻ ስለነበር ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም።

መሐንዲሶች ይህን ወሰን የሚጋፈጡባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ተሸካሚውን ማግዘፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ፋልከን ሄቪ እስከ 64 ቶን ገደማ ወደ ዝቅተኛ ምሕዋር እንዲያነሣ የተሠራ ሲሆን፣ ስታርሺፕ የተባለው ሮኬት ደግሞ ከ100 ቶን በላይ እንዲሸከም ታስቦ ተነድፏል። ሁለተኛው ጭነቱን ማጠፍ ነው፤ የሮኬቱ ጫፍ ላይ ጭነቱን ከአየር ግፊትና ፍትጊያ የሚከላከል ሽፋን ስላለ፣ ክብደት ብቻ ሳይሆን ስፋትም ይገድባልና። መስታወቱ 6.5 ሜትር ስፋት ያለው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የመጠቀው፣ የውጭ ስፋቱ 5.4 ሜትር በሆነ ሽፋን ውስጥ ታጥፎ ነው። ሦስተኛው ጭነቱን ከፋፍሎ ማድረስና በሰማይ መገጣጠም ነው፤ ከ400 ቶን በላይ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ የሕዋ ጣቢያ የተገነባው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በብዙ በረራዎች በተጓጓዙ ክፍሎች ነው። ከሦስቱ አንዱም ወሰኑን አይሽረውም፤ የገዘፈው ሮኬት ነዳጅ ይበላል፣ የታጠፈው መሣሪያ በትክክል ካልተዘረጋ ይከሽፋል፣ የተከፋፈለው ጭነት ብዙ ጉዞና ብዙ ወጪ ይጠይቃል፣ ተመልሶ እንዲያርፍ የሚፈለግ ሮኬትም ለመመለሻው ነዳጅ ስለሚያስቀር የሚሸከመው ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱን መጫን ሌላውን መተው ነው፤ መተው ባለበት ሁሉ ደግሞ ምርጫ አለ፣ ምርጫ ባለበትም ኃላፊነት አለ።

በራያ ቆላ ጎን ለጎን የሚኖሩት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የሚቀበሏቸው ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ሸክም ብዙ ይናገራሉ። በኦሪት ዘፍጥረት የተተረከው የባቢሎን ግንብ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማይ መውጣትን እንደሚከለክል ታሪክ ይወሰዳል፤ በጥንቃቄ ሲነበብ ግን የግንበኞቹ ዓላማ ለራሳቸው ስም ማስጠራት እንደ ነበር ይታወቃል፤ ስለዚህ የተነቀፈው የሕንፃው ቁመት ሳይሆን ሕንፃው የቆመለት ነገር ነው ማለት ይቻላል። በቅዱስ ቁርኣን ሱረቱል አሕዛብ ደግሞ አደራ ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች ቀርቦ ሁሉም ሊሸከሙት እንደፈሩ፣ ሰው ግን እንደተሸከመው ተነግሯል፤ ይህም ለሰው የተሰጠው ከባዱ ጭነት በቶን የሚመዘን እንዳልሆነ ያመለክታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት ምእመናን አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ሲያሳስብ፣ እያንዳንዱ የራሱንም እንደሚሸከም ጨምሮ አስተምሯል። ከእነዚህ ትምህርቶች የሚገኘው መለኪያ አንድ ነው፤ ብርታት የሚመሰገነው የሌላውን ሸክም ሲያቀልል ነው። ጀርመን ተወላጁ ፈላስፋ ሃንስ ዮናስም እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሥራው፣ የሰው ዐቅም በቴክኖሎጂ በሰፋ መጠን ኃላፊነቱም ገና እስካልተወለዱት ድረስ እንደሚሰፋ ተከራክሯል።

የኢትዮጵያ የሕዋ ታሪክ ይህን ጥያቄ ከትንሹ ጭነት ወገን ሆኖ ለማየት ያስችላል። የአገሪቱ የመጀመሪያ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት መጥቃለች፤ መረጃዋን እንዲቀበል የታሰበው ጣቢያም በእንጦጦ የተተከለ ነው። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ሳተላይት የተጓዘችው ከ1,700 ኪሎ ግራም በላይ ከሚመዝነው የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ጋር ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ 9 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነችው ሁለተኛዋ ሳተላይት በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ ከሌሎች ጋር ተጉዛለች። የአንድ ሮኬት የጉዞ ቀንና አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወሰነው በዋናው ጭነት ፍላጎት ነው፤ አነስተኛው ጭነት የሚሳፈረው በተረፈው ቦታና በተረፈው ክብደት ነው። የሮኬቶች መግዘፍ እንዲህ ላለው ተሳፋሪ ቦታ ሊያሰፋለት ይችላል፤ ባለቤቶቹ ካልፈቀዱ ግን የሰፋውም ቦታ በባለጸጎች ጭነት ብቻ ይሞላል።

ድሃ አገር በሕዋ ጉዳይ መሳተፏን የሚቃወም ጠንካራ ክርክር አለ። በረኀብ በተጎዳ ምድር ስለ ሮኬት ማሰብ ቅንጦት ነው የሚሉ ሰዎች የሚያነሡት ሐዘን እውነተኛ ስለሆነ በአክብሮት ሊደመጥ ይገባዋል። ነገር ግን የራያና የአካባቢው ታሪክ ለክርክሩ ሁለት ፊት ያለው መልስ ይሰጣል። ምድርን ከሰማይ የሚመለከተው የመጀመሪያው ላንድሳት ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ በ1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዕርዳታና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦም ነበር፤ ሆኖም ዓለም በስፋት የተንቀሳቀሰው ከአላማጣ በላይ ባለው ደጋ በኮረም የተጠለሉ ረኀብተኞች ምስል በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ይህ የሚያሳየው ዐይን በሰማይ መኖሩ ብቻውን ሕይወት እንደማያድን ነው። በሌላ በኩል ከዚያ ረኀብ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የረኀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በሳተላይት የሚገኘውን የዝናብና የዕፅዋት ልምላሜ መረጃ በመጠቀሙ፣ የሰማዩ ዐይን ሰሚ ልብና ፈጣን እጅ ካገኘ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያመለክታል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በራያ ቆላ የማሽላና የጤፍ አዝመራ ላይ የወረደው የበረሃ አንበጣም ያንኑ ያስተምራል። የመንጋው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2018 በዐረብ ልሳነ ምድር በረሃ ላይ ዝናብ ያወረዱት ሁለት አውሎ ነፋሶች ያመቻቹት መራቢያ ነበር። ሳተላይት የረጠበውን አሸዋና የበቀለውን ሣር ሊያሳይ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ሰው ባልደረሰበት በረሃ እንቁላሉን በጊዜው የሚያጠፋ አልተገኘም፤ ዕዳውንም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው ገበሬ ከማሳው ከፈለ። ከዚህ የምንረዳው የሩቁ ምድር ሸክም የቅርቡም ሸክም እንደሆነ፣ ማየትም ከማድረግ ሲለይ ፍሬ እንደማይሰጥ ነው።

የራያ ገበሬዎች ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በጠለፋ፣ ማለትም በአፈርና በእንጨት በሚሠራ ማስቀየሻ፣ ወደ ማሳቸው ሲመልሱ የሚከተሉት ሥርዓት ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ምሳሌ ነው። የጎርፉ መብዛት በራሱ በረከት አይደለም፤ ከላይ ያለው ሁሉንም ከያዘ የታችኛው ማሳ ይደርቃል፣ ማንም ካልመራው ደግሞ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ በረከት የሚሆነው በተራና በድርሻ ሲከፋፈል ነው። የሮኬት ዐቅምም እንዲሁ ነው። ስለሆነም ግዙፍ ሮኬቶችን መሥራት በሃይማኖትም ሆነ በሥነ ምግባር የሚነቀፍ ተግባር አይደለም፤ የሚነቀፈው የተገኘውን ዐቅም ለስም ማስጠሪያ ብቻ ማዋል ነው። ዐቅሙ ያላቸው መንግሥታትና ድርጅቶች ከየጉዞው ለደካማ አገሮች የመሬት ምልከታ መሣሪያዎች የታወቀ ድርሻ ሊመድቡ ይገባል፤ የኢትዮጵያ ተቋማትም ከእንጦጦ የሚቀበሉትን መረጃ በገበሬው ቋንቋና ከመዝሪያው ወቅት በፊት የማድረስ ግዴታ አለባቸው። ወደ ሰማይ የሚወጣ ጭነት ሁሉ ፍትሐዊ ሚዛኑ በዋጃ ማሳ ላይ ያለውን ሰው ሸክም ማቅለሉ ነው።