ጦር የማይሰበቅበት ወር

ጎረቤታችንን ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን። ከጀርባቸው ከሚኖረው ሰው ጋር በአጥር ድንበር ከተጣሉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ክሱም፣ ሽምግልናውም፣ ኩርፊያውም ተሞክሯል። አንድ ማለዳ ሰውየው ሠራተኞች አምጥቶ፣ ሐጂ «የእኔ ነው» በሚሉት ክንድ በማይሞላ መሬት ላይ መሠረት ማስቆፈር ጀመረ። የሐጂ ልጆች ዱላ ይዘው ወጡ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም ነበር።

ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መሐል ገቡና ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ፣ «ረጀብ ገብቷል። በረጀብ እጅ አይነሳም። ግቡ!» አሉ። ልጆቹ እያጉረመረሙ ገቡ። ቆፋሪዎቹም ጥቂት ተያይተው ቁፋሯቸውን ቀጠሉ።

ማታ ቡና ላይ፣ «ለመሆኑ ሐጂ፣ ረጀብ ሲወጣስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሲወጣ ያን ጊዜ እናያለን ልጄ። አሁን ግን አልወጣም» አሉና ሳቁ።

መልሱ አልተዋጠልኝም። ጥፋት በሁሉም ወር ጥፋት ከሆነ፣ አንዱን ወር ለይቶ «በዚህስ አይሆንም» ማለት ምን ይፈይዳል? ይባስ ብሎ ክልከላው በአራት ወር ከተወሰነ፣ የቀሩት ስምንቱ ፈቃድ የተሰጠባቸው አይመስሉምን? ፀሐይዋ ያችው፣ ጨረቃዋ ያችው፣ ሰውም ያው ሰው ሆኖ ሳለ ወር ከወር በምን ይበልጣል? ጥያቄው ጾምና በዓል ላለው ሃይማኖት ሁሉ የሚቀርብ ነው። ይሁንና በእስልምና የተከበሩት ወሮች ታሪክ ጥያቄውን ፍጥጥ አድርጎ ያወጣዋልና በዚያው በኩል ልግባበት።

በእስልምና የዘመን አቆጣጠር ከአሥራ ሁለቱ ወራት አራቱ የተከበሩ ናቸው። ሦስቱ፣ ማለትም ዙልቀዕዳ፣ ዙልሒጃና ሙሐረም ተከታታይ ናቸው። አራተኛው ረጀብ በጁማዳና በሻዕባን መካከል ብቻውን ቆሟል። ልማዱ ከእስልምና በፊትም ነበረ። በዚያን ዘመን በመካና በአካባቢዋ ንጉሥ የሾመው ዳኛ፣ ደመወዝ የሚቆረጥለት ዘብ አልነበረም። የሰው ነፍስ የሚጠበቀው «ብገድለው ወገኖቹ ደሙን ይመልሱብኛል» በሚል ፍርሃት ብቻ ነበር። ደም ደምን ሲጠራ መንገድ ይዘጋል፣ ገበያ ይፈታል፣ ወደ ካዕባ የሚሄድ መንገደኛ ይታረዳል። ስለዚህ በዙልቀዕዳ ወደ ሐጅ ይኬዳል፣ በዙልሒጃ ሐጁ ይፈጸማል፣ በሙሐረም ወደ አገር ይመለሳሉ፤ በሦስቱም ጦር አይሰበቅም። የገጣሞች መወዳደሪያ የነበረው ዝነኛው የዑካዝ ገበያም የሚቆመው በዚሁ በሰላሙ ወራት ነበር። ረጀብ ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ ዑምራ ለሚያደርገው መንገደኛ ዕረፍት ሆነ። በእነዚህ ወራት ሰው የአባቱን ገዳይ መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳ እጁን አያነሳበትም ይባል ነበር።

ለረጀብ ያወጡለት ቅጽል ስም ብዙ ይናገራል። አንዱ «ደንቆሮው ረጀብ» ነው፤ የብረት ፍጭት አይሰማበትምና። ሌላው «ብረት ነቃዩ» ነው። በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ አቡ ረጃእ የተባሉ፣ ከእስልምና በፊት የነበረውን ዘመን ያዩ ሰው እንደሚያወሱት፣ ረጀብ ሲገባ ብረቱን ከየጦሩና ከየፍላጻው ነቅለው ያስቀምጡ ነበር። ልብ በሉ፤ ጦሩን አልሰበሩትም፤ ብረቱን ብቻ ነቀሉት። ሻዕባን ሲገባ ተመልሶ እንደሚሰካ ሁሉም ያውቃል።

እስልምና ሲመጣ ብዙ የቀድሞ ልማዶችን ሲሽር ይህን አልሻረም። ቁርአን በተውባ ምዕራፍ 36ኛ አንቀጽ የወራቱን ቁጥር አሥራ ሁለት፣ የተከበሩትንም አራት አድርጎ ካጸና በኋላ ሰዎች በእነዚህ ወራት ራሳቸውን እንዳይበድሉ ያስጠነቅቃል። ነቢዩ ሙሐመድም በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ632 ባደረጉት የመሰናበቻ ሐጅ አራቱን ወሮች በስም ጠርተው አስታውቀዋል።

ይሁን እንጂ ሰው የተከለከለውን ወር የሚያመልጥበት ዘዴ አያጣም። አንደኛው ዘዴ ወሩን ማዛወር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሳይዘርፉና ደም ሳይመልሱ መቀመጥ ለአንዳንዱ ጎሣ ይከብደዋል። ስለዚህ ከሐጅ በኋላ ከኪናና ጎሣ የሆነ አንድ ሹም ተነስቶ፣ «የዘንድሮው ሙሐረም ክብሩ ወደ ሰፈር ተላልፏል» ብሎ ያውጃል። ቁጥሩ አራት እንደሆነ ይቀራል፤ ሰይፉም ሥራ አይፈታም። ቁርአን በዚያው ምዕራፍ በ37ኛው አንቀጽ ይህን ማዘግየት ክህደትን መጨመር ነው ብሎ አጥብቆ ነቀፈው።

አንድን ቀን ማሸጋሸግ ይህን ያህል ምን አስቆጣ? ነገሩ ወዲህ ነው። ክልከላ ዋጋ የሚኖረው ባልተመቸን ጊዜ ሲደርስብን ነው። የእስልምና ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረጀብ በጋም ክረምትም ይዞራል። አንዱን ዓመት በአዝመራ፣ ሌላውን በዝናብ፣ አንዱን ጠላት ሲደክም፣ ሌላውን ጠላት ሲያይል ይመጣል። የሚመጣው በእርሱ ጊዜ ነው። በፈለግን ጊዜ የምንጠራው ወር ካመሳሰልነው ከገዛ ፍላጎታችን በቀር ሌላ ምንም አይሆንም።

ሁለተኛው ማምለጫ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ በደልን በበደል መመዘን ነው። በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ624 መጀመሪያ፣ ነቢዩ ዐብደላህ ኢብን ጀሕሽ የተባለውን ሰው ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር አንድ የታሸገ ደብዳቤ ሰጥተው ላኩት። ሁለት ቀን ተጉዞ ሲከፍተው፣ በመካና በጣኢፍ መካከል ባለችው ነኽላ ሆኖ የቁረይሾችን ወሬ እንዲያመጣ የሚያዝ ሆኖ አገኘው። ይህ ሰው የተበደለ ሰው ነው። ኢብን ኢስሐቅ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ይቆጥረዋል። ወደ መዲና ሲሰደዱም ቤተሰቡ መካ ላይ ትቶት የሄደው ቤት ተይዞ ተሽጧል። እንግዲህ ነኽላ ላይ የቁረይሽ ነጋዴዎች ዘቢብና ቆዳ ጭነው ብቅ አሉ። ቀኑ የረጀብ የመጨረሻ ቀን ነበር። ነጋዴዎቹ ከእነ ዐብደላህ አንዱ ራሱን ተላጭቶ ሲያዩት፣ «ዑምራ አድራጊዎች ናቸው» ብለው ተረጋጉ። እነ ዐብደላህ ግን ተጨነቁ። ዛሬ ቢተዋቸው ሌሊቱን ወደ መካ ክልል ይገባሉ፤ ዛሬ ቢነኳቸው ወሩ ይደፈራል። በመጨረሻ ፍላጻ ተወረወረ፤ ዐምር ኢብን አል-ሐድረሚ ሞተ፣ ሁለት ሰዎች ተማረኩ።

መዲና ሲደርሱ ነቢዩ በተከበረው ወር እንድትዋጉ አላዘዝኳችሁም አሉ፤ ምርኮውንም አልነካም አሉ። ቁረይሾች ደግሞ «ሙሐመድና ሰዎቹ የተከበረውን ወር ደፈሩ» እያሉ አገር አዳረሱ። የበቀራ ምዕራፍ 217ኛው አንቀጽ የወረደው በዚህን ጊዜ ነው። አንቀጹ በተከበረው ወር መዋጋት ትልቅ ጥፋት መሆኑን ይመሰክራል። ወዲያውም ሰውን ከአምላኩ መንገድ መከልከል፣ ከተቀደሰው መስጊድ ማገድና ባለአገሩን ከዚያ ማባረር የባሰ ትልቅ ጥፋት መሆኑን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ነቢዩ ምርኮውን ተቀበሉ፤ ምርኮኞቹም በቤዛ ተለቀቁ።

ይህን ታሪክ ሰነፍ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊዘጋው ይችላል፦ «የእነሱ በደል ስለሚበልጥ የእኛው ከምንም አይቆጠርም»። አንቀጹ ግን እንዲህ አላለም። የራስን ወገን ጥፋት «ትልቅ» ብሎ ነው የጀመረው። «ትንሽ ነው»፣ «ቀኑ ተምታቶባቸው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። የሌላው በደል መግዘፍ የራስን አላሳነሰም። በሌላ በኩል ደግሞ ሰውን ከቤቱ አባርሮ፣ ቤቱን ሸጦ፣ ከዚያ የቀን መቁጠሪያ ይዞ «ወሩ ተደፈረ» ብሎ የሚጮኸውን እርቃኑን አስቀርቷል። ወሩን ጠብቆ ሰውን የጣለ ወሩንም አልጠበቀም። ሁለቱን እውነቶች አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው። በየዘመናችን ጠብ ውስጥ እያንዳንዱ ወገን አንደኛውን ብቻ አንጠልጥሎ የሚሮጠው ስለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። በስምንቱ ወራትስ በደል ተፈቅዷልን? በበስራ ይኖሩ የነበሩት ዓይነ ስውሩ ሊቅ ቀታዳ ለዚህ የሰጡት መልስ ቀላል ነው። በደል በማንኛውም ጊዜ ከባድ ነው፤ በተከበሩት ወራት ግን ኃጢአቱ ይበልጥ ይከብዳል። ሕግም ይህን ተከትሏል። በሻፊዒ መዝሀብ በእነዚህ ወራት ሰው የገደለ የደም ካሣው ይጠነክርበታል። በዛሬይቱ ኢራን ሕግም ካሣው በሲሶ ይጨምራል። በጦርነት ጉዳይ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አብዛኞቹ በእነዚህ ወራት ውጊያ የመጀመር ክልከላው ኋላ ተሽሯል ሲሉ፣ የመካው ዐጧእ ኢብን አቢ ረባሕ ግን ካልተነኩ በቀር መዋጋት ዛሬም አይፈቀድም ብለው ጸንተዋል። የወሩን ክብር በልዩ ጾምና ጸሎት ለማስፋት የሞከሩም ነበሩ። ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ በ15ኛው መቶ ዘመን ስለ ረጀብ የሚነገሩትን ሐዲሶች መርምረው፣ ለረጀብ ብቻ የተለየ ጾም ወይም ስግደት የሚደነግግ አስተማማኝ ሐዲስ እንደሌለ ደምድመዋል። እንግዲህ የወሩ ክብር ከሚደረገው ይልቅ በሚተወው ላይ ነው ማለት ነው።

እጅን መሰብሰብ ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል። «ለዘላለም አትጣላ» የተባለ ሰው ትእዛዙ ስለሚገዝፍበት ዛሬውኑ ይጥሰዋል። «ይህን ወር አትጣላ» ቢሉት ግን ሊሞክረው ይችላል። ከሞከረው በኋላ አንድ ነገር ያውቃል፤ ብረቱ ከጦሩ ሊነቀል እንደሚችል ያውቃል። ከእንግዲህ «ግድ ሆኖብኝ ነው» ቢል የሚያምነው የለም፤ ራሱም አያምንም። የተከበረው ወር ለቀሩት ወራት ፈቃድ አይደለም፤ ይልቁንም የሚመሰክርባቸው ምስክር ነው።

ሐረሮች ይህን በራሳቸው መንገድ የሚያውቁት ይመስለኛል። በሙሐረም 10ኛ ቀን፣ በአሹራ፣ ለጅብ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ያቀርባሉ። አፈ ታሪኩ በክፉ ዘመን ረሃብ ሰውንና ጅብን ሲያጋጭ የከተማይቱ ወልዮች ከጅቦች ጋር ቃል እንደተጋቡ ይናገራል። ጅቡ በገንፎ በግ አልሆነም። ሐረሬዎችም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነው ቃሉን በየዓመቱ የሚያድሱት።

ረጀብ ከአገራችን ጋር ሌላም ትስስር አለው። የታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ የመጡት በነቢይነቱ አምስተኛ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ በዚሁ በረጀብ ወር ነው ይላሉ። ወሩ ሰይፍን ሲያስቀምጥ አገሩ ደግሞ በሩን ከፈተ። ያን መጠጊያ የሚያስታውሰው የነጋሽ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። የተከበረ ቦታም እንደ ተከበረ ወር ነው፤ ሰው ካላከበረው ራሱን የሚከላከልበት እጅ የለውም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከሁሉም የከበደኝም እርሱ ነው። በዚያ ማለዳ ረጀብ ያሰረው ተበዳዩን ብቻ ነው። ቆፋሪው ቆፈረ። የተከበረ ወር ለያዘው ሰው እንጂ ለተነጠቀው ምን ይጠቅመዋል? ይህንንም ለሐጂ አነሳሁባቸው። በዚህኛው አልሳቁም።

«እጅ አይነሳም አልኩ እንጂ መብት አይጠየቅም መቼ አልኩ?» አሉኝ። እውነትም በማግስቱ ካርታቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤት ሄደዋል። ሁለት ሽማግሌም ወደ ሰውየው ልከዋል።

ሻዕባን ገባ፣ ረመዳን ተከተለ፣ ዒድም አለፈ። ነገሩ አልተቋጨም። መሠረቱ እንደተቆፈረ ነው፤ ክርክሩም እንደቀጠለ ነው። ሐጂ መሬታቸውን ያገኙ እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው በዚያ ማለዳ ዱላ ይዘው የወጡት ልጆች ዛሬም በዚያው መንገድ እንደሚመላለሱ፣ የቆፋሪዎቹም ልጆች አባቶቻቸው ማታ ማታ እንደሚገቡላቸው ነው። ከሁለቱም ወገን ደጅ የለቅሶ ድንኳን አልተተከለም። ለአንድ ወር ይህን ያህል ከበቂ በላይ ነው።